በአሻራችን የታጠረው ሜዳ

ይድረስ ለአበጋዝ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሆነ። ዘንድሮም ክረምቱ ወጥቶ ጋራው ሁሉ አደይ ለብሷል። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው አንድ እግዜር ነው። እኛ ደኅና ነን። ታንጉት የፊት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሯል፤ ስትቆጣ አንድ ቅንድቧን ከፍ የምታደርገው እንዳንተ ነው። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ተንዶ ብቻዬን ጭቃ አቡክቼ መረግሁት። ደጃፍ ላይ የተከልኸው ጌሾም አለ፤ ባለፈው ዓመት በግ ገብቶ ጨርሶት ነበር፣ ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ።

ደብዳቤውን ማን ጻፈላት ትል ይሆናል። እኔው ነኝ። በሕይወት ሳለህ "አንቺ ደግሞ ፊደል ምን ይሠራልሻል፣ እኔ እያለሁልሽ" ትለኝ ነበር፤ እኔም እውነትህን ነው እል ነበር። ከሞትህ በኋላ ከዳዊትህ ውስጥ ተገንጥላ የወደቀች አንዲት ቅጠል አገኘሁ። "አባታችን ሆይ" የተጻፈባት መሆኗን ድሮ ነግረኸኛል። ጸሎቱን በቃሌ ስለማውቀው በጣቴ እየተከተልሁ ይቺ እንዲህ ትባላለች፣ ያቺ እንዲያ ትባላለች እያልሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ጨውና በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት፣ የሳሙና ልባስ፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍኸውን ያረጀ ጋዜጣ ሁሉ ማንበብ ያዝሁ። ጋዜጣውን ዘቅዝቀህ ስለለጠፍኸው አንገቴን አጣምሜ ነው የተማርሁት። ከአዲስ አበባ የዘመቱት ተማሪዎች ሊያስተምሩን መጥተው ሳነብ ቢያዩኝ "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። "ጨው" አልኋቸው። ሳቁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። እሑድ በሜዳው ላይ የክፉ ቀን ሙቶቻችን እርም ይወጣል። ያን ጊዜ ሳይለቀስላቸው አፈር የገቡት ሁሉ ስማቸው ይጠራል፤ የሞተበት ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ የሟቹን ስም ይናገራል፣ የቅሬው እድርተኛም ሁሉ አብሮት ያለቅሳል። ያንተን ስም መጥራትና አለመጥራት ለእኔ ተትቷል። ከማን ጋር እንደምማከር ጨነቀኝና ካንተው ጋር ልነጋገር ብዬ ወረቀት አነሣሁ።

ሜዳው ምናችን እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ከተማችን ከዚያ ሌላ መሰብሰቢያ የላትም። በጥምቀት ታቦቱ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ በኢድ ሙስሊሙ የሚሰግደው እዚያ ነው። ከከላላ የሚመጣ ገበያተኛ በቅሎውን ፈትቶ ወገቡን የሚያሳርፈውም እዚያው ነው። ቅሬያችን ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉንም በአንድ የሚቀብር ስለሆነ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ጠብ የሚበርደው፣ ቅጣት የሚጣለው እዚያው መካከሉ ላይ ያለው ዝግባ ሥር ነበር። አንተንም ያወቅሁህ እዚያ ነው። ገና ስትጫወቱ ሩሯ ተፈናጥራ እግሬ ሥር አረፈች። ሮጠህ መጣህና "አታቀብይኝም?" አልኸኝ። "አንተ እጅ የለህም?" አልሁህ። ጓደኞችህ "አበጋዝ ተረታ! አበጋዝ ተረታ!" እያሉ ዘፈኑብህ። ጆሮህ ሲቀላ ዛሬም ይታየኛል።

የመጀመሪያ ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሞተ ጊዜስ? ለሕፃን ለቅሶ አይቀመጥም አሉን። አንተ ግን በቅሬው ዳኛ በጋሽ ይማም ፊት ቆመህ "ስም አውጥቼለታለሁ፣ በስሙ ጠርቼው ዞሮ አይቶኛል፤ ሰው ነው፤ እርሙን ካላወጣሁ እህል አይወርድልኝም" ብለህ ተሟገትህ። ጋሽ ይማም አዩህ፣ አዩህና "ይቀመጡለት" አሉ። ሜዳው ላይ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ሆነን አለቀስን። በማዶ ቀና ብለህ እኔን ስትፈልግ አየሁህ። ያን ቀን ባሌ ብቻ አይደለህም፣ ወንድሜም አባቴም ነህ አልሁ። እርም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይደለህም፤ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ክፉው ቀን ሲመጣ ሰዉ ከአባይ በኩል ከቆላው እየወጣ ሜዳውን ሞላው። የከተማውም ሰው ጎተራው አልቆ ሥራ ሥር መልቀም ጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ወረቀት ይዘህ ዝግባው ሥር ቆምህ። እህል እንዲላክልን ለበላይ የተጻፈ ማመልከቻ ነው አልህና አነበብኸው። ድምፅህ ያምር ነበር። የቅሬው ጸሐፊ፣ የሰው ሁሉ ደብዳቤ አንባቢ አንተ ነህና ማን ይጠራጠርህ? "አበጋዝ ካነበበው ደረሰ በለው" እያለ ሰዉ ተሰልፎ አሻራውን አሳረፈ። አቅም አጥተው ለተኙት ደግሞ "ሴቶቹ ጋ አንቺ ግቢ፣ አንቺን ያምኑሻል" አልኸኝ። ቀለም ያለበትን ቆርቆሮና ባዶውን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞርሁ። አሻራ የሚያርፍበት ወረቀት ለብቻው ነበር፤ ጽሑፉ በኋላ ከላዩ በመርፌና በክር ይሰፋል። ሁልጊዜም እንዲህ ትሠራ ስለነበር አልገረመኝም።

የጎረቤታችንን የእትዬ ብርቄን አውራ ጣት ይዤ ቀለሙ ውስጥ የነከርሁት እኔ ነኝ። ባል የላቸው፣ ያሏቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አጠገባቸው ተኝተዋል። "ጠበቅ አርገሽ ጫኚው እንጉዳይ፣ እንዳይደበዝዝ፤ ለነዚህ ነው" አሉኝ። ጠበቅ አድርጌ ጫንሁት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣው እህል አልነበረም፤ አጣና ነበር። የከተማችን ሹም ሰው ልኮ ሜዳውን ዙሪያውን አሳጠረው። ከላይ እንግዳ ሊመጣ ስለሆነ ከተማው ማማር አለበት ተባለ። ተኝተው የነበሩትን ቆለኞች ዘበኞቹ በብብታቸው እየያዙ አስነሥተው ወደ ወረኢሉ መንገድ አወጧቸው። አበባ ተተከለ፤ ነጭ የተቀባ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፤ በሩ ላይ ቁልፍ ገባ። ስሙን መናፈሻ አሉት። መናፈሻ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅህ "ሰው ተቀምጦ አየር የሚወስድበት" አልኸኝ። እኔ እስክትሞት ድረስ ሰው ተቀምጦበት አላየሁም። የሹሙ ፈረስ ሲግጥበት ግን አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ገብስ ገባ። "ደጎሎ ያለው አጎቴ ላከልን፤ ለሰው እንዳታወሪ፣ ይዘርፉናል" አልኸኝ። አመንሁህ። እየቆላሁ፣ እየፈጨሁ፣ በር ዘግቼ አበላሁህ፤ ለታንጉትም አጥሚት ሠራሁላት። እትዬ ብርቄ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በግድግዳው ተደግፈው እየመጡ "አበጋዝ ልጄ፣ ያ ወረቀት ደርሶ ይሆን?" ይሉህ ነበር። አንተም "አብሽሪ እትዬ፣ መንገድ ላይ ነው" ትላቸው ነበር። ደጅ ላይ ቆመህ ስታጽናናቸው እኔ ውስጥ ሆኜ ሰምቼሃለሁ፤ ደግ ባል ሰጠኝ ብዬ አምላኬን አመስግኛለሁ። ታላቁ ልጃቸው ሞተ። ታናሹ ተከተለ። ቅሬው የሚቀመጥበት ሜዳ ስላልነበረው፣ አቅምም ስላልነበረው፣ አፈር መልሶ ተበተነ። ከዚያ ተስቦው ገባና አንተንም ወሰደህ። ለቅሶህን ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሙሾ አውራጇ ገና አንድ ስንኝ ሳታወርድልህ ሌላ ሬሳ ተጠራና ሰዉ ወደዚያ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አላየኸውም። ንጉሡ ወረዱ። ሹሙ ሸሸ። መሬት ላራሹ ተባለ፤ ሰዉ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ፤ እኔም በሩቁ ቆሜ እልል አልሁ። ሜዳው አሁን ይከፈታል ብለን ነበር። ቀበሌ ተቋቋመና የበሩን ቁልፍ ሊቀ መንበሩ ያዘው። ቅሬው ሽማግሌ ቢልክ "ሕዝቡ በፈቃዱ ለመንግሥት የለቀቀው ቦታ ነው፤ የሁላችሁም አሻራ ያለበት ሰነድ ወርሻለሁ" አለ። አውጥቶም አሳየ። ጋሽ ይማም አውራ ጣታቸውን ቀስረው "ወላሂ ይቺን ጣት ለእህል እንጂ ለአጥር አልሰጠኋትም!" አሉ። "እንግዲያው ለእህል ጻፍን የምትሉትን ወረቀት አምጡ" አላቸው። ከየት ያምጡ? ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ አፍረው ተመለሱ። ሲመለሱ ምን ይሉ እንደነበር ታውቃለህ? "አበጋዝ ነፍሱን ይማረውና እሱ ቢኖር ይመሰክርልን ነበር።"

በግንቦት ልብስህን ፀሐይ ላስመታ ብዬ ሣጥንህን ገለበጥሁት። ከታች ሁለት ወረቀት አገኘሁ። አንዱ ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያ ዝግባው ሥር ያነበብኸው፣ የእህሉ ማመልከቻ። ንጹሕ ነው፤ መርፌ አልነካውም። ሌላው የመዳፍ ያህል ቁራጭ፣ ከሹሙ ወዳንተ የተጻፈ። "የአሻራውን ወረቀት ከመናፈሻው ጽሑፍ ጋር ሰፍተህ ላክ። ገብሱን ከጎተራዬ ትወስዳለህ" ይላል። መጀመሪያ ፊደል ገና ስለሆንሁ ተሳስቼ ነው አልሁ። ጋዜጣው ሥር ሄጄ አንድ አንዱን ፊደል እያመሳሰልሁ እንደገና አነበብሁት። በማግሥቱም አነበብሁት። አልተሳሳትሁም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ሰው ይጮሃል ይባላል። እኔ ልብስህን አራግፌ፣ አጣጥፌ መለስሁት። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ። ቁራጯን እሳት ውስጥ ብከታት የሚያውቅ አልነበረም፤ አልዋሽህም፣ አስቤያለሁ። አንተ ደግ ሰው እንደሆንህ ትቀር ነበር፤ ታንጉትም የደግ ሰው ልጅ ትባል ነበር። ሜዳው ግን ተቆልፎ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን በመቀነቴ ቋጥሬ ዞርሁ። አንድ ቀን እትዬ ብርቄን ወንዝ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እንስራዬን አሸከሙኝ። ሲያሸክሙኝ "የአበጋዝን ነፍስ ይማር፤ ለልጆቼ የደከመላቸው እሱ ብቻ ነበር" አሉኝ። ውኃውን ተሸክሜ ቤቴ ልደርስ አልቻልሁም። መንገድ ላይ ደፋሁት።

ቅሬው ከአጥሩ ሥር በተቀመጠበት ቀን ተነሥቼ ልናገር አልሁ። እኔ መናገር የማልወድ መሆኔን ታውቃለህ። ሁለቱንም ወረቀት አነበብሁ። የእኔ ድምፅ እንዳንተ አይፈስም፤ በየቃሉ እየቆምሁ ነው ያነበብሁት። ስጨርስ ጋሽ ይማም ቀስ ብለው "ገብሱን በልተሻል?" አሉኝ። "በልቻለሁ" አልሁ። "ታውቂ ነበር?" "አላውቅም ነበር።" ከኋላ አንዱ "ባልና ሚስት ተደብቀው በልተው ዛሬ አላውቅም! እናንተም ታምናላችሁ?" አለ። ሌላው ደግሞ "ከመቃብሩ ይውጣና ይጠየቅ" ብሎ ጮኸ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ሳቁ ግን ያስፈራ ነበር። እትዬ ብርቄ ናቸው ያስቆሟቸው። "ተዉዋት! እሷ ባታነብልን ማን ያነብልን ነበር?" አሉ። ይህን ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተናገሩኝም።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወረቀት ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ አገላብጦ አየውና ቁልፉን ሰጣቸው። "አብዮቱ መለሰላችሁ" አለ አሉ። ይበለው። አጣናውን ወጣቶቹ ነቅለው ለቅሬው ድንኳን ማቆሚያ አደረጉት። ነጩን ወንበር ቀበሌ ወሰደው። ዝግባው አለ። እሑድ እርም ይውጣ ተብሎ ሲወሰን ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞረው "የአበጋዝን ነገር ላንቺ ትተናል፤ ብትጠሪው እናለቅሳለን፣ ቅሬ ነን" አሉኝ።

እንግዲህ አንተን የምጠይቅህ ይኸው ነው። ገብሱን ለምን በላህ አልልህም። ብትነግረኝ ኖሮ አልበላም ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ ታንጉት ጡቴ ላይ ነበረች፣ ጡቴም ደርቆ ነበር። ሹሙ ምን ብሎ እንዳስፈራራህም አላውቅም። ግን አንድ ወረቀት ሰፍተህ ስትልክ ሌላውን ለምን አልላክኸውም? የእህሉን ማመልከቻ በሌላ አሻራ መላክ ትችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ይሰጥህ ነበር። ጽፈኸው፣ አንብበኸው፣ አጣጥፈህ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኸው። ደግሞስ ቀለሙን ለምን ለእኔ ሰጠኸኝ? "አንቺን ያምኑሻል" ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የወደድኸኝ መስሎኝ ነበር። አሁን በሌሊትም በቀንም እጄን ሳየው የእትዬ ብርቄን ጣት የያዘ ይመስለኛል። እንደ ሹሙ ጠላቴ ብትሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። አንተ ግን ለልጃችን እርም የተሟገትህልኝ ሰው ነህ።

እዚህ ላይ ትቼው ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው፤ የቀረውን ልጨርስልህ።

ትናንት ሜዳው ሞላ። ከከላላም ከደጎሎም የመጡ ነበሩ። ሣሩ ረዝሟል፤ ሰዉ እየረገጠ አስተኛው። ጋሽ ይማም ቀድመው የባለቤታቸውን ስም ጠሩ። እትዬ ብርቄ ተነሥተው የሁለቱን ልጆቻቸውን ስም ጠሩና ሜዳው በአንድ ድምፅ አለቀሰ። አንዱ ስማቸውን ለማናውቃቸው፣ ወደ ወረኢሉ መንገድ ለተነዱት ቆለኞች ተነሣ፤ ለእነሱም ተለቀሰ። እንዲህ እየተባለ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ተነሣሁ። ስምህ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቀና ብዬ በማዶ ያለውን የወንዶቹን ወገን አየሁ፤ ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ከዚያ "እኔ የምጠራው የለኝም" አልሁና ተቀመጥሁ።

ታንጉት ቀሚሴን ጎትታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እማዬ፣ አባዬስ?" አለችኝ።

ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ብርቄ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ልጅቷን ጎተቷትና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። "አብሽሪ" አሏት። እኔን አላዩኝም። ቀጣዩ ሰው ተነሥቶ የእናቱን ስም ጠራ።

እንግዲህ ሜዳው ላይ እርምህ አልወጣም፤ በእኔ ዘመን የሚወጣም አይመስለኝም። እንድትረሳ ብዬ ግን አይደለም። ያለቀሱለትን ሰው ቀስ በቀስ ይረሱታል፤ እርሙ ያልወጣ ከሰው ጋር ይኖራል። አንተም ከእኔ ጋር ትኖራለህ፤ ሩሯን ልትወስድ የመጣህ ጎረምሳ፣ ለልጃችን የቆምህ አባት፣ ደጅ ላይ እትዬ ብርቄን "መንገድ ላይ ነው" ያልህ ሰው፤ አንዱንም ሳልጥል አስታውስሃለሁ። ወረቀቶቹን ጋሽ ይማም መልሰውልኛል። ታንጉት አድጋ ትናንት የጠየቀችኝን ደግማ ስትጠይቀኝ እኔ አላነብላትም። ፊደል ትማራለችና ራሷ ታነበዋለች።

እንጉዳይ